እምቢ ባዩ አናጢ

አክስትየዋ ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቷቸው ከአልጋ መውረድ ባቃታቸው ሰሞን ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ አሮጌው የቤተሰብ መዝገብ ዘመድ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ንጹሕ ጽሑፍ ግልባጭ እንዲወጣለት ነበር። ሁለተኛው፣ የሬሳ ሣጥናቸውን የወንድማቸው የልጅ ልጅ እንዳይሠራው ነበር።

ሁለቱንም ትእዛዝ የተቀበለችው የወንድማቸው ልጅ ናት። በስድስት ዓመቷ እናትና አባቷ ሞተውባት ከአክስቷ ቤት ገብታ አደገች። በአሥራ አምስት ዓመቷ የመጽሐፍ ጥረዛ ለመማር ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ መርፌና ሙጫ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ስልሳ ሆኗታል። ሰፈሩ በሙሉ ጠራዧ እያለ ይጠራታል። ሣጥኑን እንዳይነካ የተባለው ደግሞ የገዛ ልጇ ነው።

«ማንም ይሥራው» አሉ አክስትየዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ከሱቅ ይገዛ። ከፈለጋችሁም በካርቶን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ። የዚያ ሰውዬ ዘር ሆኖ እንጨት የያዘ እጅ ግን እኔ ላይ ምስማር አይመታም።»

«ልጄ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ልጅሽ መሆኑን መቼ ካድኩ? የመሥሪያ ቤት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ልጅሽም ልጄም ነበር። ማን ወደ እንጨት ግባ አለው?»

ልጇ የጽሕፈት ሥራውን ትቶ አናጢ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሴት በር አልፎ አልገባም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጣ ያንኳኳል። እሳቸውም ከውስጥ ሆነው «የለሁም በሉት» ይላሉ፤ ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል።

«ያ ሰውዬ» የሚሏቸው ቅድመ አያታቸው ናቸው፤ ለጠራዧ ቅም አያት መሆናቸው ነው። አናጢ ነበሩ፤ ቤተሰቡ «እምቢ ባዩ» ይላቸዋል። በመዝገቡ ላይ እንደተጻፈው የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው በበሽታ ስትሞት ሣጥን እንዲሠሩላት ቢለመኑ «እጄ አይሄድም» አሉ። ሌላ አናጢ ተጠርቶ ሠራ። እሳቸው ሚስትና ወንድ ልጆቻቸውን ጥለው ወንዝ ተሻገሩ። ይባስ ብሎ፣ ለገዛ ልጃቸው እምቢ ያሉት ሰው ለማይታወቅ ባዕድ የቤታቸውን በር ነቅለው ሣጥን ሠሩ። አክስትየዋ ይህን ታሪክ ለመጣ ሰው ሁሉ ያነቡ ነበር። ሲያነቡ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ጣታቸው ብቻ መስመሩ ላይ ጠበቅ ትላለች። በዚህ ምክንያት ከቤተሰቡ ወንዶች አንድም መጋዝ የያዘ አልነበረም፣ የጠራዧ ልጅ እስከያዘው ቀን ድረስ።

ጠራዧ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችና ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ታውቀዋለች፤ የሰፋችው እሷ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያለ ተቆጣጣሪ የሠራችው የመጀመሪያ ጥራዟ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀቱ እየተበታተነ በሲባጎ ታስሮ ሠላሳ ዓመት ከሣጥን ግርጌ ተኝቶ ኖሯል፤ ያነበቡት ሽማግሌዎችም አልቀው ነበር። አክስትየዋ ጥራዙን በተረከቡበት ሳምንት ዘመድ ሰብስበው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። «ይቺ የወንድሜ ልጅ ሙታንን ቀስቅሳ ሰጠችኝ» ያሉትን ቃል ጠራዧ እስከ ዛሬ አትረሳውም።

እሷ ግን መዝገቡን በራሷ ዐይን አንብባው አታውቅም። ከአክስቷ አፍ ሰምታው ነው ያደገችው። አሁን ለግልባጩ ስትል ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

የጻፈው ሰው የአናጢው የሚስት ወንድም ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርና ቃል አያባክንም። መዝገቡን የጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። ስለ እህቱ ባል እንዲህ ይላል፦ «አናጢው ከወንዝ ማዶ በእግሩ መጣ። የያዘው አንድ መጥረቢያና ሁለት መሮ ነው። እህቴን አገባ። አይስቅም፤ ሲስቅም አይሰማም። እህቴ ትስቃለች፤ ለሁለቱም ይበቃል።»

ጠራዧ ብቻዋን ፈገግ አለች። ይህን መስመር አክስቷ ሲያነቡ ሰምታ አታውቅም፤ ዘለውት ኖሯል።

አናጢው መጻፍ አይችልም። ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ባለበት ሁሉ ዳር ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ተሥላለች፤ ከማዕዘን ማዕዘን አንድ መስመር ይቆርጣታል። አማቹ ያነብለታል፣ እሱ ይሰማል፣ እውነት ከሆነ ምልክቱን ያኖራል። ከመዝገቡ ጋር የታጠፈ የአንድ መጋዘን የሥራ ውል ነበር፤ እሱም ላይ ያቺው ካሬ አለች። ጠራዧ በእነዚህ ካሬዎች እየተመራች የሰውየውን ዕድሜ ተከተለች። «የእህል መጋዘኑን ጣሪያ ጨረሰ። ዝናቡ ሞክሮ አልገባም።» ካሬ። «የድልድዩን ግንድ ሲያነሱ የግራ እጁ ትንሽ ጣት ተቆረጠች። በማግሥቱ ሥራ ገባ። እህቴ ሰደበችው።» ካሬ። «ወንድ ልጅ ወለደ።» ካሬ። «ወንድ።» ካሬ። «ወንድ።» ካሬ። «ሴት ወለደ። ሥራ ቦታ ይዟት ይሄዳል። ፍቅፋቂው ውስጥ ትተኛለች።» እዚህ ላይ ካሬዋ ትልቅ ናት፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል።

ጠራዧ ብዕሯን አስቀመጠች። ፍቅፋቂ ውስጥ የሚያስተኛት አባት እንዴት ነው ሣጥን የሚነፍጋት? እንዲህ ዓይነት ነገር በሰው ላይ ይደርሳል ብላ ለራሷ መለሰች። ሐዘን የሰውን እጅ እንደሚያስር ታውቃለች።

ቀጥሎ የበሽታው ዓመት መጣ። «በሽታ ገባ። ከሰፈራችን አሥራ አራት ሰው ሞተ። የአናጢው ሴት ልጅ በታመመች በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሣጥን እንዲሠራ» ብሎ ገጹ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ «ቢለምኑት እምቢ አለ» ብሎ ይጀምራል። ከስፌቱ ጎን ያሉት ፊደላት እጥፋቱ ውስጥ ገብተው አልነበብ አሏት። ጥራዙን መፍታት ግድ ሆነ። የገዛ ስፌቷን በምላጭ ቆረጠች፤ ክሩ አርባ ሦስት ዓመት ቆይቶ እንኳ አልላላም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

ያን ጊዜ ነው ቀዳዳዋን ያየችው።

ብል መጽሐፍ ሲበላ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቅጠል ከቅጠል ሳይመርጥ ከሽፋን እስከ ሽፋን ይበሳል። የዚህ መዝገብ ቀዳዳ በሁሉም ወረቀት ላይ በስተታች፣ መጽሐፉ በሚከፈትበት ጎን ነው። በአንዱ ወረቀት ላይ ግን የለም። እዚያው ወረቀት ላይ በስተታች፣ በስፌቱ ጎን፣ ሌላ ቀዳዳ አለ። ጠራዧ ወረቀቱን አነሳች። ፊቱን ወደ ኋላ አዞረችው። ቀዳዳው ከላይም ከታችም ካሉት ጋር ገጠመ። በሌላው ጠርዝ ላይ ደግሞ፣ በመቀስ ከተስተካከለው ዳር፣ የጥንቱ ስፌት ቀዳዳ ግማሿ ቀርታ ነበር።

የተስተካከለው በእሷ መቀስ ነው።

ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ያንን ወረቀት አይጥ በሁለቱም ጎኑ በልታው ነበር፤ የትኛው የስፌቱ ጎን እንደሆነ አይለይም። ገጾቹ ቁጥር የላቸውም። ሁለት መስመር ብታነብ ይበቃት ነበር። ግን ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ የሱቃቸው ሕግ አንድ ነው፤ ጠራዥ አያነብም። ሰው ኑዛዜውን፣ የፍቺ ወረቀቱን፣ የክስ መዝገቡን አምኖ የሚተውላቸው እጃቸው እንጂ ዐይናቸው ፊደል ላይ እንደማያርፍ ስለሚያውቅ ነው። ልጅቷም ይህን ሕግ እንደ መሐላ ይዛው ነበር። የገዛ ቤተሰቧ መዝገብ ሲመጣ እንኳ ዐይኗን ከጠርዝ አላነሳችም። የተሻለ የመሰላትን ጎን መረጠች፣ ሌላውን አስተካከለች፣ ሰፋች። ሽማግሌውም ስፌቱን ጎትተው አይተው «ጎበዝ» አሏት።

ጠራዧ ወረቀቱን እንደ ጥንቱ አኑራ አነበበች።

«ሣጥን እንዲሠራ ሳንቃ ቢፈለግ በከተማው አልተገኘም፤ አሥራ አራቱ ሙታን ጨርሰውታል። የቤቱን በር ነቅሎ ሠራው። አንድም ምስማር አልጣመመበትም። በበሩ ቦታ እህቴ አንሶላ ሰቀለች። እስከ ክረምት እንዲሁ ነበር።» ካሬ። «በሁለተኛው ዓመት ገዥው በገበያው መሀል የሰው መስቀያ እንጨት እንዲያቆም አዘዘው። ከገዥው እንዳይጣላ ሽማግሌዎች መጥተው» ብሎ ገጹ ያልቃል። ከበስተጀርባው ይቀጥላል። «ቢለምኑት እምቢ አለ። እጄ አይሄድም ብሎ የመሣሪያ ሣጥኑን ዘጋ። ሌላ አናጢ ተጠርቶ ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገዥውን ፈርቶ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ሚስትና ልጆቹን ትቶ እንጀራ ፍለጋ ወንዝ ተሻገረ።» ካሬ።

ቀጣዩ ወረቀት ቀድሞም በቦታው ነበር። «ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ግባ አለችው። የሰው አጥር እየጠገነ ኖረ።» ሁለት ገጽ አልፎ፣ «አናጢው ዛሬ ጠዋት መሮ እየሳለ ሞተ።» እዚህ ላይ ካሬ የለም።

ከዚያ ነጠላዋን አንስታ ወደ ልጇ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች።

ልጇ አንድ የቁም ሣጥን ጎን በማጣበቂያ አጣብቆ በመቆንጠጫ እያጠበቀ ነበር። ቀና ብሎ አያት። «እማዬ፣ ምነው ፊትሽ? እማማ ሞቱ እንዴ?»

«አልሞቱም። ቁጭ በል።»

«ቆሜ ልስማሽ። ማጣበቂያው ሐሜት አይጠብቅም፣ ይደርቅብኛል።»

ነገረችው። ስትጨርስ የመቆንጠጫውን ማጥበቂያ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በሩን የነቀለው ለልጁ ነው?»

«ለልጁ ነው።»

«ምስማር አልጣመመበትም ይላል?»

«እንደዚያ ይላል።»

ሳንቃውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ዳሰሰ። «እኔ ለማላውቀው ሰው እንኳ ስሠራ ይጣመምብኛል» አለ። ቀጥሎም «አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ በር መለሱኝ» ሲል ድምፁ ተለወጠ። «በጥይት አይደለም፣ በዱላ አይደለም፣ በአንቺ ስፌት።»

እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ልጁ ወዲያው ተጸጸተ። «ተይው፤ አሁን ዋናው ለሳቸው መንገሩ ነው። አይጥ ናት በያቸው።»

«አይጥ ወረቀት ትበላለች እንጂ አትሰፋም።»

«እንግዲያው ያስተማሩሽ ሰውዬ ናቸው የሰፉት በያቸው። ሞተዋል፣ ተነስተው አይከራከሩሽም።»

«አንዱን ሙት ላነጻ ብዬ ሌላውን ሙት ላቆሽሽ?»

«እሳቸው ግን በሙሉ ልባቸው የሚያምኑት አንቺን ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ያን ልትወስጂባቸው ነው?»

ጠራዧን ያንገበገባት ይኸው ነበር። ብትዋሽ አክስቷ የሚወዷት ልጅ እንደሆነች ትሸኛቸዋለች፤ ልጇም ሣጥኑን ይሠራል፣ ቅም አያቷም ይነጻሉ። ሁሉም ነገር ይስተካከላል፣ ከአንዲት ወረቀት በቀር።

«የፈለግሽውን አድርጊ» አለ ልጇ። «ብትዋሺም አልቀየምሽም።»

«አትቀየመኝም?»

«እቀየምሻለሁ። ግን አልነግርሽም።»

በማግሥቱ ጠዋት የተፈታውን መዝገብ ይዛ ሄደች። አክስትየዋ በትራስ ተደግፈው ነበር። ጥራዙ ተፈትቶ ሲያዩት ዐይናቸው ፈጠጠ። «አረድሽው?»

«ፈታሁት፣ እትዬ። እጅዎን ይስጡኝ።»

ረጅም መርፌ አስያዘቻቸው። ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጋ እንደ ተሰፉት አስተካከለችና መርፌውን በብሉ ቀዳዳ እንዲያስገቡት አደረገች። መርፌው ገባ፣ ገባ፣ ከመሀል ሲደርስ ቆመ። ገፉት። አልሄደም።

«ምንድነው የያዘው?»

ጠራዧ ያንን ወረቀት አወጣች፣ አዞረች፣ መለሰች። አሮጊቷ እንደገና ገፉ። መርፌው እስከ መጨረሻው ወረቀት አለፈ። ጫፉ ከታች መዳፏን ሲነካት ተሰማት። ከዚያ ማጉያ መነጽራቸውን ሰጥታ ወረቀቱን ከፊታቸው አኖረችላቸው፤ ራሳቸው እንዲያነቡት ፈለገች። አክስትየዋ ጣታቸውን እየጎተቱ አነበቡ። ከታች ሲደርሱ ወደ ላይ ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

«ማን ነው ያዞረው?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ሳላነብ ሰፋሁት። አታንብቡ ይሉን ነበር። እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

አክስትየዋ መነጽሩን አወለቁ። ጠራዧ ስድብ ጠበቀች፣ ለቅሶም ጠበቀች። አሮጊቷ የተናገሩት ግን ሌላ ነው።

«‹ሽማግሌዎች መጥተው› ይላል። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስደርስ፣ ጸሐፊውን ሰው ጠርቶት ነው አቋርጦ የተነሳው እላለሁ፤ ገጹን እገልጣለሁ። አርባ ሦስት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ፣ መጥተው ምን አደረጉ ብዬ አልጠየቅኩም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ሳታነቢ ሰፋሽ። እኔ አንብቤ ገደልኩት።»

«እትዬ…»

«ዝም በይ። ይቅር በይኝ ልትዪ ነው፤ ዛሬ ዐቅም የለኝም። ያለችኝ ዐቅም ለአንድ ነገር ብቻ ናት። ጥሪልኝ።»

«ማንን?»

«ማንን ትላለች! ስንት አናጢ ነው ያለን? ሜትሩን ይዞ ይምጣ። ሞቼ ሳልደርቅ በሕይወቴ ይለካኝ።»

ልጇ ከሰዓት በኋላ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ በጆሮው ላይ ያለችውን እርሳስ ማውረድ ግን ረስቷል። በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አሉ አክስትየዋ። «በሩን ማንም አልነቀለው፣ እንዳለ ነው።»

ገባ። ጉልበታቸውን ሳመ። ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑበት። ከዚያ ሜትሩን ዘረጋ። እናቱ እግራቸው ሥር ጫፉን ያዘችለት። አሮጊቷ ክንዳቸውን ገጥመው ቀጥ ብለው ተኙ፤ ፎቶግራፍ የሚነሡ ይመስል አገጫቸውን አነሱ።

«ስንት ነኝ?»

«አንድ ሜትር ከአርባ ስድስት።»

«ሂድ! እንደገና ለካ።»

እንደገና ለካ። «አንድ ከአርባ ስድስት ነው፣ እማማ።»

«ድሮ ረጅም ነበርኩ። ትከሻው ጋ ሰፋ አድርገው። ስወለድም ጠቦኝ ነበር አሉ።»

ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ቁጥሩን ሲጽፍ እርሳሱ ተሰበረ።

አክስትየዋ በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ። እስከዚያ ድረስ ልጁ በየቀኑ መጥቶ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ስለ እንጨት ዓይነት ይጠይቁታል፣ ያስረዳቸዋል፣ ይረሱታል፣ በማግሥቱ ይጠይቁታል። ጠራዧን ስለ ወረቀቱ ዳግመኛ አላነሱባትም። ይቅር ብያለሁም አላሉ። በመጨረሻው ቀን ውኃ ስታቀምሳቸው እጇን ያዙ፤ እጇን የያዙት ለውኃው ይሁን ለሌላ ነገር አላወቀችም።

ግልባጩን የጨረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ቀጥ አድርጋ፣ ወረቀቱን በቦታው መልሳ፣ አንድም ቃል ሳትዘል ጻፈችው። አዲሱን ጥራዝ ከመስፋቷ በፊት በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ጸሐፊው ጽፎ በማያውቀው ባዶ ቦታ፣ ይህን ጨመረች፦

«ስለ በሩና ስለ መስቀያው የሚናገረውን ወረቀት አዙራ የሰፋችው የአናጢው አራተኛ ትውልድ ናት። በዚህ ምክንያት የቤቱ ሰው አርባ ሦስት ዓመት በስሕተት ሲያማው ኖረ። የወንድሟን ልጅ ያሳደገችው ሴት በዘጠና አንድ ዓመቷ ሞተች። ሣጥኗን የወንድሟ የልጅ ልጅ ሠራ። ሁለት ምስማር ተጣመመበት።»

ልጇን ጠርታ አነበበችለት።

«ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው» አለ።

አረመችው።